የወፍ መንጋን ማንቀሳቀስ፦ በእጅ መሳል ወይስ በቀመር?

የ10 ሰከንድ አኒሜሽን በሰከንድ 24 ፍሬም (በተከታታይ የሚታይ ነጠላ ምስል) ሲሠራ 240 ፍሬም ይፈልጋል። በእጅ ሲሳል አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ማቆየት የተለመደ ስለሆነ ሥራው ወደ 120 ሥዕል ይወርዳል። አንዲት ወፍ ቀርባ የምትታይ ከሆነ ይህ መንገድ አቻ የለውም፤ የክንፏ አስተጣጠፍ፣ የላባዋ መዘርጋት፣ ከመነሳቷ በፊት ጎንበስ ማለቷ ሁሉ በሠዓሊው ቁጥጥር ሥር ነው። ወፎቹ 50 ሲሆኑ ግን ሥራው ከአቅም በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቀመር፣ ማለትም የወፎቹን እንቅስቃሴ ለኮምፒውተር ስሌት መተው ይሻላል። የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያው ክሬግ ሬይኖልድስ በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቦይድስ የተባለው የመንጋ ቀመር ለእያንዳንዱ ወፍ ሦስት ሕግ ብቻ አለው፦ ከጎረቤት አለመጋጨት፣ በጎረቤቶች አቅጣጫና ፍጥነት መሄድ፣ ወደ መካከላቸው መጠጋት። መሪ የለም፤ ውበቱም ከዚያ ይመነጫል። ፈተናው ሚዛኑ ላይ ነው። መጠጋቱ ከበዛ መንጋው ይድበለበላል፤ መራራቁ ከበዛ እያንዳንዱ ወፍ ይንቀጠቀጣል። ለመታጠፊያ ፍጥነት ጣሪያ ካልተበጀለት ደግሞ ወፎቹ በአንድ ፍሬም ወደ ኋላ ይዞራሉ፣ ክብደት የሌላቸውም ይመስላሉ። ሌላው ጣጣ ስሌቱ ነው፤ ከ1,000 ወፎች እያንዳንዱ ጎረቤቱን ለመለየት የሌሎቹን ሁሉ ርቀት ሲፈትሽ በእያንዳንዱ ፍሬም ወደ 1 ሚሊዮን ፍተሻ ይደረጋል። ቦታውን በካሬ ከፋፍሎ የቅርብ የቅርቡን ብቻ መፈተሽ ጫናውን በብዙ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ የወፎቹን መነሻ ቦታና አቅጣጫ በዘፈቀደ ሲመርጥ የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚፈልቁበትን መነሻ ቁጥር (ሲድ) መመዝገብም አይረሳ፤ አለዚያ ያማረው በረራ አይደገምም።

የሁሉም ክንፍ እኩል ከተርገበገበ ሰው ሠራሽነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ የእያንዳንዱን ወፍ የክንፍ ዑደት መነሻ ማዛነፍ ያስፈልጋል። የእኛ ምርጫ ከፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ወፎች በእጅ፣ የኋላውን መንጋ በቀመር መሥራት ነው።