የአባቴ ባለ 40 ሳንቲሜትር ዝግባ፦ ከ9 ዓመት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

በአንድ ቀን፣ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ፣ ሁለት የሊባኖስ ዝግባ ገዛን። አንዱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ነበር። ሌላው ከጉልበቴ በታች ነው፤ ስንለካው 40 ሳንቲሜትር ሆነ። ትልቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ትንሹን አባቴ። ይህ ከሆነ 9 ዓመት አለፈው። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ያለው የአባቴ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ልበል፤ ሲገዛ ችግር የሚፈጥረው እሱ ነውና። ዝግባ ብለን የምንጠራው ሌላ ትልቅ ዛፍም አለ። የዚያኛው ፍሬ ክብና ለስላሳ ነው፤ ከሊባኖሱ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው እንጂ የቅርብ ዘመድ አይደሉም። ስለዚህ ፖቱ ላይ የተለጠፈውን ሳይንሳዊ ስም አንብቡ። "ሴድረስ ሊባኒ" ካለ ትክክል ነው። "ሴድረስ አትላንቲካ" የሞሮኮና የአልጄሪያ ተራሮች ዝግባ ነው። "ሴድረስ ዲዮዳራ" ደግሞ የሂማላያው ነው፤ ጫፉ ወደ ታች ጎንበስ ይላል። ሦስቱም ግሩም ናቸው። እኔ የሊባኖሱን የፈለግኩት ለቅርጹ ነው። ልጅ ሳለ እንደ ማንኛውም ጥድ ሾጠጥ ብሎ ያድጋል። ሲያረጅ ግን አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ቅርንጫፎቹም ወደ ጎን ተዘርግተው አንዱ ካንዱ በላይ እንደ መደርደሪያ ይነባበራሉ። በሊባኖስ ባንዲራ መሃል ያለው አረንጓዴ ዛፍ እሱ ነው።

ችግኝ ጣቢያው ብዙ ጥሩ ነገር ነበረው። ችግኞቹ ሜዳ ላይ፣ ሙሉ ፀሐይ እየመታቸው ነው የሚያድጉት። ይሄ ለዚህ ዛፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥላ አይወድም። አረም አላየሁም፣ ውሃም አልጎደላቸውም። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። አባቴ ትንሹን ከፖቱ አውጥቶ ሥሩን ለማየት ጠየቀ፣ ፈቀዱለት። ሥሩ ነጣ ያለ፣ ወደ ውጭ የተበተነ ነበር። ትልቁን ለማየት ሲጠይቅ ግን "ይጎዳል" ብለው ከለከሉት።

"ልጄ፣ ሥሩን ያላየሁትን ዛፍ አልገዛም" አለኝ።

"አባዬ፣ ይሄኛው እኮ አምስት ዓመት ያተርፍልናል" አልኩት።

ሁለቱንም ጭነን ሄድን።

ትልቁን ቤት ወስደን ከፖቱ ስናወጣው ሥሩ እንደ ገመድ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ጣት የሚያክሉ ሥሮች ፖቱን ሦስት አራት ጊዜ ዞረዋል። አባቴ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በስለት ጥቂቱን ቆረጠ፣ የቻለውን ያህል በእጁ ፈታታ፣ ተከልነው። የመጀመሪያው ዓመት ደህና መሰለኝ። በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ ወዙን አጣ፣ ጫፉም ደረቀ። በሦስተኛው ዓመት አንድ የነፋስ ሌሊት ወደ ጎን አጋደለው። ነቅለን ስናወጣው ሥሩ አሁንም የፖቱን ቅርጽ እንደያዘ ነበር። ፖቱ ተጥሎ ከሁለት ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ዛፉ እዚያው ውስጥ እንዳለ ነው የቀረው። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። የጎዳው ለጋ መሆኑ ወይም ብርዱ አይደለም፣ ከመግዛታችን በፊት አንድ ጊዜ ከፖቱ አውጥቶ ማየት ብቻ ነበር የቀረው።

ትንሹ በመጀመሪያው ዓመት 6 ሳንቲሜትር ብቻ ጨመረ። ያን ጊዜ የሚያድገው ከመሬት በታች ነው። በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው 25። ከዚያ በኋላ በዓመት 40 ሳንቲሜትር ገደማ ይመዝዛል። የሞተውን ወንድሙን ቁመት በስድስተኛው ዓመት አለፈ። አሁን 3 ሜትር ከ25 ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ መለያ ወረቀቱ ነው። "ቁመት 3 ሜትር፣ ስፋት 2 ሜትር" ይላል በጉልህ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል "በ10 ዓመት" ተብሏል። እኔ ያቺን ደቃቅ ፊደል አላየሁም። ትንሹን ከቤቱ ግድግዳ አምስት እርምጃ ርቆ አስተከልኩት። ይሄ ዛፍ ሙሉ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ቁመቱ እስከ 40 ሜትር ይሄዳል። ግንዱ 2 ሜትር ከ50 ሊወፍር ይችላል። ሰፊ ቦታ ያገኘ ደግሞ ወደ ጎን ከቤት በላይ ይዘረጋል። ሻጮች የመጨረሻውን መጠን በጉልህ ቢጽፉት ብዙ ሰው ከብዙ ጣጣ ይድን ነበር። ደግነቱ ነገሩን በሦስተኛው ወር ደረስንበት። አፈሩን ከነሥሩ ይዘን፣ በጨርቅ ጠቅልለን፣ የግቢው ሌላኛው ጫፍ ወሰድነው። አሁን ከቤቱ 20 ሜትር፣ ከውሃ መስመሩም ርቆ ነው ያለው። ግቢያችሁ ይህን ያህል ቦታ ከሌለው፣ እባካችሁ ሌላ ዛፍ ፈልጉ። እየገረዙ ማሳነስ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ይቆጨዋል። ቅጠል በሌለው አሮጌ እንጨት ላይ ከተቆረጠ፣ እዚያ ቦታ እንደገና አያቆጠቁጥም፤ ቅርጹም እንደተበላሸ ይቀራል።

አፈርን በተመለከተ ብዙ አያስቸግርም። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ። የእኛ አፈር ከበድ ያለ ዋልካ ስለሆነ አባቴ ጉድጓዱን ጥልቅ ከማድረግ ይልቅ ሰፊ አደረገው። አፈሩን ከፍ አድርጎ ጉብታ ሠራና እላዩ ላይ ተከለው። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከመሬት በላይ እንዲታይ ተጠንቅቋል። በጉድጓዱ ውስጥ ኮምፖስት አላበዛም። "ጉድጓዱ ከተመቸው ከዚያ አይወጣም" ይል ነበር። ዙሪያውን ጉዝጓዝ አለበስነው፣ ግንዱን ሳያስነካ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረቅ ወቅቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ ያለ ውሃ ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ አጥተን የማናጠጣባቸው ወራት ነበሩ፤ ምንም አልሆነም። የተፈጥሮ አገሩ ድንጋያማ ተራራ፣ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ በረዶ ነው። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ብርድም ይችላል። ውርጭ ጠዋት ሌላው አትክልት ሁሉ ጠቁሮ ሳገኘው፣ እሱ እንዳለ ነው።

አንድ ጊዜ በጣም ደንግጬ ነበር። በአራተኛው ዓመት ከግንዱ አጠገብ ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው መርገፍ ጀመሩ። ይሄም ሊሞት ነው ብዬ አባቴን ጠራሁት። የውጪዎቹ ለምለም መሆናቸውን አሳየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ማለት ቅጠሉ አይረግፍም ማለት አይደለም። አሮጌው በየተራ ይወድቃል፣ አዲሱ ይተካል። ከውስጥ ቢጫ ከሆነ ተዉት። ጫፉ ከደረቀ ነው ሥሩን መመርመር።

በአምስተኛው ዓመት ደግሞ አናቱ ላይ ሁለት ጫፍ አወጣ። ደካማውን ወዲያው ቆረጥነው። ይሄን አትለፉት፤ ሁለት አናት ይዞ ያደገ ዛፍ ሲከብድ መሃል ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ግን አንድም አልነካንም። ያረጀ የሊባኖስ ዝግባ ከባድ ቅርንጫፉ በነፋስ ወይም በበረዶ ክብደት የሚሰበርበት ጊዜ ስላለ፣ ወደፊት ከሥሩ መኪና ማቆሚያ ለመሥራት አታስቡ።

ስለ ውበቱ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ በየቀኑ ነው የማየው። መርፌ የመሰሉት ቅጠሎች በአጫጭር ቡቃያዎች ላይ እንደ ትናንሽ ኮከቦች ተሰብስበው ይወጣሉ። ጠዋት ጤዛ ሲይዙ ከሩቅ ብርማ ይመስላሉ። ቅርንጫፉን ስትነኩት ሙጫው እጅ ላይ ይቀራል፤ ሽታው እስከ ማታ አይለቅም። ፍሬውን ገና አላየነውም። በርሜል የመሰለ፣ ከ8 እስከ 12 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ ቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፍሬ ነው። ለመብሰል ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ከዚያም እዚያው ዛፉ ላይ ይበታተናል። ለዚያ ግን አሥርተ ዓመታት መጠበቅ አለብን። አባቴ ሲገዛው 71 ዓመቱ ነበር፣ ይህን ያውቃል።

ከዚያው ችግኝ ጣቢያ እንደገና እገዛለሁ ወይ? አዎ፣ ትንሹን። ከፖቱ አውጥቼ ሥሩን ካላየሁ ግን አልከፍልም። ሰፊ ግቢ ላለውና ለማይቸኩል ሰው ከዚህ የተሻለ ዛፍ አላውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ አጥር ወይም ጥላ ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም።

አባቴ ዛፉን አሁን ወዳለበት ባዛወርንበት ቀን ዙሪያውን ለካና 7 ሜትር ርቀት ላይ ድንጋዮች አስቀመጠ። ከድንጋዮቹ ወዲህ ምንም ነገር እንዳይተከል አለን። አሁን ረጅሙ ቅርንጫፍ ከግንዱ 1 ሜትር ከ20 ደርሷል። ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሣሩን ስናጭድ እነሱን ዞረን ነው።