ድብቁን ሌባ ለማደን፦ ስኮትላንድ ያርድ ወይስ ዘ ግሬት ሙዚየም ኬፐር?

አንዱ ተጫዋች ጉዞውን በምስጢር እየመዘገበ የሚሸሽበትን፣ የቀሩት ተባብረው የሚያሳድዱበትን የሰሌዳ ጨዋታ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው ሸሺው ምን ዓይነት ዱካ እንደሚተው ነው፤ የጨዋታው ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1983 ወጥቶ በዚያው ዓመት የጀርመንን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት ያገኘው ስኮትላንድ ያርድ ዱካውን በትኬት ያሳያል። ተፈላጊው ሚስተር ኤክስ በለንደን ካርታ ላይ የደረሰበትን ቁጥር ጽፎ በከፈለበት ትኬት ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ መርማሪዎቹ በታክሲ፣ በአውቶቡስ ወይም በምድር ውስጥ ባቡር መሄዱን ያውቃሉ እንጂ የወረደበትን አያውቁም። በደንቡ መሠረት በ3ኛው ጉዞ ያለበትን ቦታ ገልጦ በ4ኛው ታክሲ ከያዘ ሊገኝባቸው የሚችሉት ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ የጉዞውን ዓይነት የሚሰውረውን ጥቁር ትኬት ካወጣ፣ እስከ 8ኛው ጉዞ ድረስ ዳግመኛ ስለማይታይ የተሠራው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ሌላ ደንብ ነው፦ እያንዳንዱ መርማሪ ያለው 10 የታክሲ፣ 8 የአውቶቡስና 4 የባቡር ትኬት ብቻ ሲሆን፣ የተጠቀመበት ሁሉ ለሸሺው ስለሚተላለፍ ያለ ሐሳብ የሚሮጥ አሳዳጅ የሚያሳድደውን ሰው ይቀልባል። ከሳጥኑ የሚወጣው ባለ ጥላ ቆብም ለጌጥ አይደለም፤ ዓይን ካርታው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ሸሺውን አሳልፎ ይሰጣልና።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ዘ ግሬት ሙዚየም ኬፐር ሌብነቱን ራሱን ዱካ ያደርገዋል። ሥዕል ከቦታው ሲነሣ ሌባው ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚያ እንደነበረ ይታወቃል፤ ካሜራዎችም አሉ፣ እርሱ ግን ከሥራ ውጭ ሊያደርጋቸው ይችላል። ከመውጫዎቹ የትኞቹ እንደተቆለፉ የሚረዳው ሲሞክራቸው ብቻ በመሆኑ ለአንድ ተጨማሪ ሥዕል መቆየት እውነተኛ ድፍረት ይጠይቃል። ዳይስ ስላለበት ዕድል ከስኮትላንድ ያርድ ይልቅ ይበዛበታል።

እስከ 6 ሰው ለሚሰበሰብበት ቤት ስኮትላንድ ያርድን እመርጣለሁ፤ ሆኖም አንድ ብርቱ ተጫዋች ሌሎቹን መርማሪዎች ማዘዝ እንዳይጀምር መጠንቀቅ ያሻል። ልጆችና አዋቂዎች ተቀላቅለው ከ4 የማይበልጡ ከሆነ ሁሉም በተራው ሌባ የሚሆንበት የሙዚየሙ ጨዋታ ይሻላል። በሁለቱም የሸሺው መዝገብ ላይ አንድ ስሕተት ከገባ ማሳደዱ በሙሉ ከንቱ ይሆናል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ጥንቃቄ ላለው ሰው ስጡ።