የጨውን አዮዲን ለማወቅ፦ ጠብታ ወይስ ቲትሬሽን?

ደብረ ብርሃን ገበያ ሁለት ዓይነት ጨው ገዛሁ። አንዱ የታሸገ፣ ሌላው ከጆንያ ተሰፍሮ የተሸጠልኝ። በዓይን አይለዩም።

መጀመሪያ ጠብታውን ሞከርኩ፤ በትንሽ ብልቃጥ ያለ፣ አዮዲን መኖሩን በቀለም የሚያሳይ መመርመሪያ ፈሳሽ ነው። ቆንጠር አድርጌ ሰሃን ላይ፣ ከብልቃጧ ሁለት ጠብታ፣ አለቀ። የታሸገው ወዲያው ወይን ጠጅ መሰለ፤ የጆንያው ነጭ እንደሆነ ቀረ። አዮዲን ሲያገኝ የሚጠቁረው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ጎረቤቴ እማማ አይተው «ጠንቋይ ሆንክ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ችግሩ፣ ጠብታው «አለ» ወይም «የለም» ከማለት አያልፍም። ድምቀቱን አይቶ መጠን መገመት ራስን መሸወድ ነው።

መጠኑን የሚናገረው ቲትሬሽን ነው፤ ኃይሉ የታወቀ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ የሚለኩበት የላቦራቶሪ ዘዴ። 10 ግራም ጨው በውሃ ይሟሟል። ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም አዮዳይድ ሲገባበት ቢጫ ይሆናል። ከዚያ የአዮዲኑን ቀለም የሚያጠፋው ሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብ፣ ጠብ እያለ ይገባል። ቢጫው ሲሳሳ ስታርች ይጨመራል፤ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ ጥርግ ብሎ ሲጠፋ ይቆማል፤ ከፈሰሰው ታዮሰልፌት አዮዲኑ ይሰላል። ቤት የደረሰ ጨው በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል። ግን አሲድ ያለበት ነገር የላቦራቶሪ እንጂ የጓዳ ሥራ አይደለም።

ለኔ ቤት ጠብታው ይበቃል። ለተማሪዎች ምገባ በኩንታል የሚገዛ ግን ቲትሬሽኑን ያሠራ።

እማማ ከጆንያው ነው የሚገዙት። ያንኑ ደግሞ ክዳን በሌለው ቅል ምድጃ ዳር ያስቀምጡታል፤ ቢኖረው እንኳ ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን ይቀንሱታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ክዳን ያለው ብልቃጥ ወሰድኩላቸው።