ስሙ ታደሰ፦ ዘጠኝ ወር ከአንድ ካርቡሬተር ጋር

ቸርችል ጎዳና ላይ መብራት ሲይዘኝ እጸልያለሁ። ቀልዴን አይደለም። ቮልሴ ፊቷን ወደ ፒያሳ ሽቅብ አቅንታለች። አንድ እግሬ ፍሬን ላይ ነው፣ ሌላው ፍሪሲዮን ላይ። ነዳጅ የምሰጥበት ሦስተኛ እግር አልተፈጠረልኝም። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ ሚኒሞ ይዞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ቀስ ብሎ እየዞረ፣ መጠበቅ አለበት። አይጠብቅም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ብርድ እንደመታው ሰው አንዴ ይንዘፈዘፍና ጭጭ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ያንባርቀዋል። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ሙዚየሙ አምስት ኪሎ ነው!» ይለኝና ያልፋል።

ይሄ ሁሉ የደረሰብኝ ካርቡሬተር፣ ያ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርበውን ዕቃ፣ ከቀየርኩ በኋላ ነው። ያውም «ታድሷል፣ እንደ አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝን። ቤት ውስጥ ስም አውጥተንለታል፤ ታደሰ እንለዋለን። ከታደሰ ጋር አሁን ዘጠኝ ወር ሞላን። እርግዝና ቢሆን ተገላግዬ ነበር።

መኪናዋ የ1972 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ናት፣ ሞተሯ 1,600 ሲሲ። ከአባቴ የወረስኳት ናት። «ሽጣትና እረፍ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም። ካርቡሬተሯ ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ይባላል። 34 የጉሮሮው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። እኛ እንግዲህ ዕቃ ፍለጋ ስንወጣ የምንለቅመው ቃርሚያ ነው።

አምና የራሷ ካርቡሬተር ሚኒሞ አልይዝ አለኝ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አንዱ ባለሱቅ ከመደርደሪያው የሚያብለጨልጭ ነገር አወረደ። «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ጀርመን ነው። ሙሉ በሙሉ ታድሷል። አሮጌውን ይስጡኝ፣ ከዋጋው እቀንስልዎታለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። ስለቀነሰልኝ አመሰገንኩት እንኳ። የከፈልኩት የግማሽ ወር ደመወዜን ነው። ለባለቤቴ ትክክለኛውን ቁጥር እስካሁን አልነገርኳትም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሰርግ ነበሩ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋ እንደ ስፌት መኪና ነው። ለሰው ሁሉ «ሶማሌ ተራ ሂዱ» እያልኩ ሰበክኩ። ከዚያ ጣጣው ጀመረ።

ችግሩ ሁሌ ቢሆን ይሻል ነበር። ጋራዥ ስወስዳት ደህና ትሆናለች። መካኒኩ በካቻቪቴ ትንሽ ያዞራል፣ ሞተሩ ይረጋል፣ እከፍላለሁ፣ እወጣለሁ። ሁለት መብራት አልፌ ሦስተኛው ላይ ጭጭ። ተመልሼ ስሄድ ደግሞ እንደ በግ ጸጥ ብላ ትሠራለች። መካኒኩ መኪናዋን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ።

በዚህ ካርቡሬተር ጎን ሁለት ቪቴዎች አሉ። ትልቁ ፍጥነቱን ይወስናል፣ ትንሹ የቤንዚንና የአየሩን ልክ። ሌላ ሦስተኛ ቪቴ አለ፣ ነዳጅ መስጫው ገመድ የሚስበው ክንድ ላይ። እሱን መንካት አያስፈልግም ነበር። የቾኩን (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ደረጃ ነካ ካደረገ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ነው የሚገፋው። የኛ ሰው ግን ሚኒሞ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዞረው እሱን ነው። ሲዞር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ዋናው በሽታ ግን ተሸፈነ እንጂ አልዳነም። የታደሰም ሦስተኛ ቪቴ ሁለት ዙር ተገፍቶ አገኘሁት። ከሱቁ እንደዚያ መጥቶ ይሁን ጋራዥ ውስጥ የተደረገ፣ አልፈርድም።

በሁለተኛው ወር ራሴ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ካርቡሬተር ሲታማ ግማሹ ጥፋት የሌላ ሰው ነው ይባላል። ስለዚህ ከሌላው ጀመርኩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ አደረግኩ። ፑንቲናውን፣ ለካንዴላው ብልጭታ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ መገናኛ፣ 0.4 ሚሊ ላይ አስተካከልኩ። ካንዴላ ቀየርኩ። ከካርቡሬተሩ ጎን ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» የምትል ትንሽ ኤሌክትሪክ ቫልቭ አለች፤ ሽቦዋ ከላላ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይሞታል። ጠቅ ትላለች። ማኒፎልዱን (ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን ቱቦ) የሚያገናኙትን ጎማዎች አየሁ፤ ተሰነጣጥቀው ነበር፣ ቀየርኳቸው። ለአራት ቀን ተሻላት። በአምስተኛው ቀን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ጭጭ።

ምሥጢሩን ያወጣችው አዳማ ናት። አንድ ቅዳሜ ለሠርግ ወረድን። አዲስ አበባ በመከራም ቢሆን የሚይዘው ሚኒሞ አዳማ ስንደርስ ጨርሶ ጠፋ። በሆቴሉ በር መኪናዋን በሙሽራው ጓደኞች አስገፍቼ ነው የገባሁት፣ ሙሉ ልብስ ለብሼ። መጀመሪያ የአዳማን ቤንዚን ረገምኩ። ኋላ ሳስበው ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ አየሯ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ በአንጻሩ ያንሳል። ታዲያ ሞተሩ ወደ ታች ሲወርድ የባሰበት ከመጀመሪያውም ቤንዚን ስላነሰው ነው። ወይም ያልተጠራ አየር ከሆነ ቦታ እየገባ ነው። የከተማችን ከፍታ ሸፍኖልኝ ኖሯል።

በማግሥቱ ቮልስ ላይ ያረጁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሞተሩን አስነስተው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ በካቻቪቴ ጫፍ ወፍራም የሞተር ዘይት ነክረው የካርቡሬተሩ ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ጠብ አደረጉ። ሞተሩ ወዲያው ረጋ። ሥራው ይኸው ነው። የአንድ ጠብታ ዘይት። ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ዘይቱ ተስቦ ሲገባ እንደገና መወዛወዝ ጀመረ። ሞተሩን አጠፉና «በል ያዝ» አሉኝ። ዘንጉን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል።

ይሄ ዘንግ የአየሩን መግቢያ የምትከፍትና የምትዘጋውን ክብ ሳህን የሚሸከም ነው። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ይዞራል፣ ጠንካራ ስፕሪንግ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ከአርባና ሃምሳ ዓመት በኋላ የተቀመጠበትን ቀዳዳ በልቶ ያሰፋዋል። በሰፋው በኩል አየር ይገባል። ሚኒሞ ላይ ሳህኗ ዝግ ስለሆነች ከታች ያለው መሳብ ኃይለኛ ነው፣ በስንጥቋ የሚገባው አየር ሞተሩን ያስርበዋል። በሩጫ ጊዜ ሳህኗ ክፍት ናት፣ ያቺ ትርፍ አየር አትታወቅም። ለዚያ ነው ቀለበት መንገድ ላይ ሸጋ የሆነች መኪና መብራት ላይ የምትገድለኝ። ዘንጉ ደግሞ እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። መካኒኩ ባስተካከለበት ቦታ ተመልሶ የሚቀመጠው ሲፈልግ ብቻ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው የታደሰው? ባለሱቁን ሌሊት በሕልሜ እከራከረዋለሁ። «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው» ይለኛል። አዎ፣ አዲስ ነው። «ዲያፍራሙም አዲስ ነው።» ልክ ነህ። «በኬሚካል ታጥቦ ጠርቶ የለ?» ሠርቶልሃል፣ ፊቴን አይበታለሁ። ግን ልጄ፣ ወገቡ የተሰበረን ሰው ገላውን አጥበህ አዲስ ሸሚዝ ብታለብሰው ዳነ ይባላል? «ዋጋው እኮ ቅናሽ ነበር» ይለኛል። እዚህ ላይ እነቃለሁ፣ ምክንያቱም መልስ የለኝም። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ብልጭልጩን ሳይ ዘንጉን መንካት ትዝ አላለኝም። ሦስት ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ነበር።

መድኃኒቱ ቶርኖ ቤት ነው የተገኘው። ዘንጉ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ሁለቱንም በአንድ መስመር አስፍተው የናስ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉን አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት፣ ከተቱ። መስመሩ ትንሽ ከተዛነፈ ዘንጉ ይነክሳል፣ ነዳጅ ሰጥተው ሲለቁት አይመለስም፣ ያ ደግሞ ከመጥፋት የከፋ ነው። ሳህኗን ሲመልሱ ቪቴዎቿን ላላ አድርገው ዘግተው፣ መሀል ላይ ራሷን እንድታገኝ መታ መታ አድርገው ነው ያጠበቁት። ያስከፈሉኝ ለባለሱቁ ከሰጠሁት ሩቡን አይሞላም። ሁለት ወር ከግማሽ ሆነው። ቸርችል ላይ መጸለይ አቁሜያለሁ። የቀረውማ፣ የቤንዚን ፍጆታ፣ ቾክ፣ የጠዋት አነሳስ፣ ሁሉም ደህና ነው።

ግዛው ወይስ አትግዛው ለሚለኝ ሰው እንደ ቀኑ ነው የምመልሰው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ስትነሳልኝ «ከታደሰ የተሻለ የለም» እላለሁ። የከፈልኩትን ስደምር ደግሞ ስሙን መስማት አልፈልግም። የሚቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያ በቅናሽ ያስረከብኩት የአባቴ ካርቡሬተርም ሚኒሞ አልያዘም ያልኩት በዚሁ በሽታ ይመስለኛል። ቶርኖ ቤት በቀጥታ ይዤው ብሄድ ኖሮ ታደሰን አላውቀውም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለማራገቢያ ቀበቶ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። እግሬ ወደዚያው ሱቅ ወሰደኝ። መደርደሪያው ላይ አንድ ሶሌክስ ያብለጨልጫል። ከላይኛው ክዳን አምስት ቪቴዎች አራቱ ነጭ ናቸው፣ አንዱ ቢጫ ናስ። ያን ናስ ቪቴ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ዋናው ቢጠፋብኝ ከአሮጌ ሬዲዮ ነቅዬ። የአባቴ ካርቡሬተር ነው። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ እኔ ከከፈልኩት በላይ ዋጋ ወጥቶለታል።

አንድ ወጣት ፊቱ ቆሞ ያገላብጠዋል። የቮልስ ቁልፍ በጣቱ ላይ ይሽከረከራል። ባለሱቁ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል፣ እንደ አዲስ ነው» ይለዋል፣ ሻዩን እየጠጣ። እኔን አላስታወሰኝም።

«ልጄ» አልኩት ወጣቱን፣ «እስቲ ያቺን ዘንግ በሁለት ጣትህ ያዛት።»

ባለሱቁ ሻዩን አስቀመጠ።