ለራስ መንቃት ወይስ ለሁሉም? ሁለቱ የቡድሂዝም መንገዶች

ወሎ ውስጥ ስለ እምነት መጠየቅ ነውር አይደለም። ደሴ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ ቡና ይጠጣል፤ ጨዋታውም ወደ ሃይማኖት መዞሩ አይቀርም። ቡድሂዝም ሲነሳ ግን ብዙዎቻችን አንድ ወጥ ነገር ይመስለናል። አይደለም፤ ቴራቫዳና ማሃያና የሚባሉ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት።

ቴራቫዳ በስሪላንካ፣ በታይላንድና በምያንማር የበዛ ነው። ግቡ አርሃት መሆን ነው። ይኸውም ስግብግብነትን፣ ጥላቻንና አለማወቅን ከልብ ነቅሎ፣ ከመሞትና እንደገና ከመወለድ ዑደት መውጣት ማለት ነው። መንቃት የሚባለውም ይኸው ነው። ማንም ሌላ ሰው ሊነቃልህ አይችልም። መንገዱ ስምንት ክፍል አለው፤ ከትክክለኛ አመለካከት ይጀምርና በትክክለኛ የአእምሮ መሰብሰብ ያበቃል። መነኮሳት ትልቅ ቦታ አላቸው። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ትልቁ ልዩነት፣ እዚህ ጸሎቱ ወደ ፈጣሪ ነው፤ እዚያ ግን ዓለምን የፈጠረ አምላክ የሚባል ትምህርት የለም።

ማሃያና በቻይና፣ በኮሪያ፣ በጃፓንና በቬትናም ተስፋፍቷል። እሱም ስምንቱን መንገድ ይቀበላል፤ ግቡ ግን ይሰፋል። ቦዲሳትቫ የሚባለው ሰው ፍጡራንን ሁሉ ከስቃይ ለማውጣት ሲል ቡድሃ፣ ማለትም ፍጹም የነቃ፣ ለመሆን ቃል ይገባል። ልግስና፣ ሥነ ምግባር፣ ትዕግሥት፣ ትጋት፣ ተመስጦና ጥበብ ስድስቱ ልምምዶቹ ናቸው። ብዙ የሕይወት ዘመን ቢፈጅም ግድ የለውም።

እኔን በጣም የሚማርከኝ ይሄኛው ነው። ሆኖም ቴራቫዳን ራስ ወዳድ ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ለፍጡራን ሁሉ መልካም መመኘት እዚያም የሚለማመዱት ነገር ነው። በትውፊቱ መሠረት የሃይማኖቱ መሥራች ቡድሃ ራሱ ከነቃ በኋላ 45 ዓመት እየተዘዋወረ አስተምሯል።