የጆሮ ቴርሞሜትር ልግዛ ወይስ የብብት?

የጆሮ ቴርሞሜትር በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውጤቱን ያሳያል። የሚያለቅስ ሕፃን ይዞ ለሚታገል ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቁጥሩ የሚታመነው ግን አያያዙን ለሚያውቅ ሰው ነው።

መሣሪያው የሚያነበው ከጆሮ ታምቡር የሚወጣውን ሙቀት ነው። ጫፉ ወደ ታምቡሩ ካላነጣጠረ የቀዳዳውን ግድግዳ ይለካል። ግድግዳው ደግሞ ቀዝቀዝ ስለሚል ትኩሳት ያለበት ልጅ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ጆሮውን ሳብ አድርጎ ቀዳዳውን ማቅናት ግድ ነው፤ ከአንድ ዓመት በታች ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ከዚያ በላይ ወደ ላይና ወደ ኋላ። ሌንሱ ላይ የተለጠፈ ኩክም ንባቡን ዝቅ ያደርጋል። ልጁ በዚያ ጆሮው ተኝቶ ከነበረ ግን ከፍ ስለሚል 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከብርድ ወይም ከፀሐይ ሲገባም እንዲሁ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ቀዳዳው ስለሚጠብ ሌላ መለኪያ ይምረጡ።

በትክክለኛነት ቀዳሚው በፊንጢጣ የሚለካው ነው፤ በተለይ ለጨቅላ። ጫፉን ቫዝሊን ቀብቶ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ማስገባት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይገፋም። በዚህም ሆነ በጆሮ 38 ዲግሪና በላይ ትኩሳት ነው። ዕድሜው ከሦስት ወር በታች ከሆነ ነገ እንይ ሳይባል ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

ብብት ግማሽ ዲግሪ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ያነባል። ልዩነቱ ቋሚ ስላልሆነ ዝም ብሎ ግማሽ መደመር ያሳስታል። ላቡን ጠርገው፣ ጫፉን ከቆዳው አስነክተው፣ ድምፁ እስኪሰማ ክንዱን ይያዙ። በግንባር የሚለካው ላብና ነፋስ ያዛቡታል፤ ለማጣሪያ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ደግሞ አይግዙ፤ ብርጭቆው ከተሰበረ የሚፈሰው ሜርኩሪ መርዝ ነው።

አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ጫፉ የሚተጣጠፍ ዲጂታል ይግዛ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ለብብትም ለአፍም ያገለግላል። ለፊንጢጣ የሚሆነው ግን ለብቻው ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ። ልጆቹ ከፍ ካሉ የጆሮውን መጨመር ጥሩ ነው። ያኔ የጫፉ ፕላስቲክ ቆብ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በቆብ እንዲሠራ የተሠራውን ያለ ቆብ መጠቀም ቁጥሩን ያዛባል። ከአሜሪካ የተላከ ከሆነ በፋራናይት ሊያነብ ስለሚችል 100.4 ማለት 38 መሆኑን ሣጥኑ ላይ ይጻፉበት።