ሹር ኤስኤም57 ማይክ፦ የድሮ ዴልታ ብሉዝ ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ሰው

ቤት ውስጥ ጊታር መቅዳት ስትጀምር ሁሉም ሰው ኮንደንሰር (ጥቃቅኑን ድምፅ ሁሉ የሚይዝ ስሱ ማይክ) ግዛ ነው የሚልህ፣ ለዴልታ ብሉዝ፣ ማለትም ለድሮው የሚሲሲፒ የጊታር ብሉዝ፣ ግን እኔ በሙሉ ልብ ኤስኤም57ን ነው የምመክረው። የቀዳሁት የስኪፕ ጄምስን «ሃርድ ታይም ኪሊንግ ፍሎር ብሉዝ» ነው፣ ሰውዬው የሚሲሲፒ ቤንቶኒያ ልጅ ነው፣ በፈረንጆቹ 1931 ኢኮኖሚው ድቅቅ ባለበት ሰዓት ግራፍተን ዊስኮንሲን ድረስ ሄዶ ለፓራማውንት ቀዳው፣ ያ ሌብል (ሸክላ አሳታሚ) ደግሞ የወንበር ፋብሪካ ንብረት ነበር፣ ዛሬ የምንሰማው ከተረፉት ሸክላዎች የተገለበጠውን ስለሆነ መንኮሻኮሹ አብሮት አለ። ከዛ ሁሉ መንኮሻኮሽ ስር ያለው ድምፅ ግን መሀሉ ሙሉ ነው፣ ላይኛው ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም። ኤስኤም57ም ከ1965 ጀምሮ ያለ ዳይናሚክ (እንደ ኮንደንሰር ስሱ ያልሆነ) ማይክ ነው፣ ከ15 ሺህ ኸርዝ በላይ ካለው በጣም ቀጭን ድምፅ የሚይዘው ነገር ብዙም የለም፣ ለዚህ ዘፈን ደግሞ አያስፈልግም። ተጠግተህ ስለምትቀዳበት ፍሪጁም መንገዱም ያን ያህል አይገቡብህም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጊታሩ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዲ ኤ ዲ ኤፍ ኤ ዲ ነው የሚቃኘው፣ አራቱ ክሮች ከተለመደው ቅኝት ስለሚላሉ ጠንክረህ ከመታሃቸው ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው ብረት) ላይ ይንቀጫቀጫሉ፣ ስለዚህ በጣት ቀስ ብለህ ነው የምትጫወተው፣ ይሄ ማይክ ደግሞ የሚሰጠው ሲግናል ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ጌይኑን (ሲግናሉ የሚጎላበትን መጠን) ወደ 60 ዲሲቤል አካባቢ ልትወስደው ትችላለህ፣ ርካሽ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) እዛ ሲደርስ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። ብር ካለህ ኢንተርፌሱ ላይ ጨምር፣ እውነቴን ነው።

አቀማመጡ፦ ጊታሩን ብቻ ከሆነ 12ኛው ፍሬት ትይዩ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው፣ ቀዳዳው ፊት ካደረግከው ቤዙ ያጉረመርማል። እኔ ግን ዘፈኑንም ጊታሩንም አንድ ላይ በአንድ ማይክ ቅዱት ነው የምለው፣ ደረት ጋ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ አፍ ቀና ማድረግ፣ ምክንያቱም የስኪፕ ቀጭን ድምፅ ጊታሩ ላይ ተደግፎ ነው የሚሄደው፣ ለየብቻ ስትቀዳው መተንፈሻው ይጠፋል፣ የትኛውም ፕለጊን (ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የሚያስተካክል ፕሮግራም) አይመልሰውም።

ኬብል አብሮት አይመጣም፣ ፎርጅድም በጣም ስለሞላ ከምታምኑት ሱቅ ብቻ ግዙ።